ከአባት እጅ መውጣት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ኢማንሲፔሽን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በታሪክ ትምህርት የምናውቀው በአብርሃም ሊንከን አዋጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ባመፁት የአሜሪካ ክፍለ ሀገሮች ያሉ ባሮች ነጻ መሆናቸው የታወጀበት ነውና። እኛም «አርነት ማውጣት» ብለን ተርጉመን እናልፋለን። የቃሉ ምንጭ ግን ላቲን ነው። በውስጡም «እጅ» እና «መያዝ» የሚሉ ቃላት አሉበት፤ ከያዘ እጅ መልቀቅ ማለት ነው።

የሚያስደንቀው፣ በጥንቱ የሮም ሕግ ይህ ቃል የሚነገረው ለባሪያ ሳይሆን ለልጅ መሆኑ ነው። ባሪያን ነጻ ለማውጣት ሌላ ቃል ነበራቸው። ሮማዊ ልጅ ቢያገባም ቢወልድም አባቱ እስኪሞት ከአባቱ ሥልጣን በታች ነበር። ሊለቀው የፈቀደ አባት አምስት ምስክሮችና ሚዛን ያዥ ባሉበት ልጁን ለታመነ ወዳጅ በሽያጭ መልክ ያስረክበዋል፤ ወዳጁ ሲለቀው ወደ አባቱ ሥልጣን ይመለሳል። ሦስተኛ ጊዜ ሲሸጥ የአባትየው ሥልጣን ያከትማል። (ለሴት ልጅ አንድ ሽያጭ ይበቃ ነበር፤ ምክንያቱን እኅቶቻችን ይፍረዱ!) ልጁ ራሱን ቻለ፤ ነገር ግን አባቱ ሳይናዘዝ ቢሞት በጥንቱ ሕግ ከወራሾች አይቆጠርም ነበር።

እንግዲህ የወንጌልን አርነት ከዚህ ጋር እናስተያየው። ሮማዊው ልጅ አርነት የሚያገኘው ከቤት በመውጣት ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ግን ጌታችን በቤት ጸንቶ መኖርን የልጅ ድርሻ አድርጎ ያስተምራል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች በምዕራፍ 4 ከባርነት መውጣትን ከልጅነትና ከወራሽነት ጋር አያይዞ ይጽፋል። ለፊልሞናም ስለ አናሲሞስ ሲልክለት፣ ባሪያውን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ይለምነዋል።

ከወላጆቻችን ርቀን በዩኒቨርሲቲ የምንኖር ሁሉ፣ «አሁንማ ማን ይጠይቃችኋል? ጾሙንም ቅዳሴውንም ተዉት፤ አርነት ይህ ነው» የሚሉን ጓደኞች አሉን። ነገራቸው ሁሉ ሐሰት ነው አንልም፤ ልጁን አንቆ የሚይዝ አባት በእርግጥ አለ። ነገር ግን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለው ልጅ ድርሻውን ተቀብሎ ሲሄድ አባቱ አልያዘውም። ተርቦ ሲመለስ እንደ ሞያተኛ እንዲያደርገው ሊለምን ቃሉን አዘጋጅቶ ነበር፤ አባቱ ግን ልመናውን ሳያስጨርሰው ለእጁ ቀለበት አዘዘለት።