የተሰረዙት እጆች

እ.ኤ.አ. በ1797 ሉካስ ሱሊቫንት የተባለ መሬት ቀያሽ ዛሬ የኦሃዮዋ ኮሎምበስ ከተማ ባለችበት፣ ከሳዮቶ ወንዝ በስተምዕራብ፣ የመንደር ፕላን ነድፎ ስሙን ፍራንክሊንተን አለው። በዓመቱ ወንዙ ሞልቶ ጠራረገው። ሱሊቫንት ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ልብ ብሎ አየና ከፍ ወዳለው መሬት ወጥቶ እንደገና ቀየሰ። ሰው እንዲመጣለትም በአንዱ መንገድ ዳር ያለውን ቦታ በነጻ አደለ። መንገዱ እስከ ዛሬ ጊፍት ስትሪት፣ የስጦታ መንገድ፣ ይባላል።

በዚህ ሰፈር አንዲት ልጅ ነበረች። ቀን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታሽግ ትውላለች፤ ማታ ታብሌቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትስላለች። የምትስለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምስር የሚለቅሙ የእናቷን እጆች። እጅ ደግሞ ለጀማሪ ክፉ ነው። አውራ ጣት ከመዳፍ የሚነሳበት ቦታ ጥቂት ከሳተ፣ እጅ መሆኑ ቀርቶ የተነፋ ጓንት ይመስላል።

በየወሩ ሁለተኛ ዓርብ ሠዓሊዎች ስቱዲዮ ወደተከራዩበት የድሮ ሕንፃ፣ ወደ 400 ዌስት ሪች ትሄዳለች። በሮቹ ክፍት ናቸው፤ ሥዕሎቹ ያለቁ፣ የተሰቀሉ፣ መብራት የበራላቸው ናቸው። እሷ በየክፍሉ እየቆመች ታያለች፣ እያየች ታንሳለች። ቤቷ ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የወሩን ሥዕሎቿን ሁሉ መርጣ ታጠፋቸዋለች።

ማጥፋቱ ቀላል መሆኑ ጎዳት። ኮምፒውተርን የሥዕል መሣሪያ ካደረጉት ፈር ቀዳጆች አንዱ፣ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው መምህር ቻርልስ ክሱሪ፣ በዚሁ በኮሎምበስ ነበር የሠራው። በ1960ዎቹ ሲጀምር ለማሽኑ የሚሰጠው ትእዛዝ በተበሳሳ ካርድ ላይ ነበር፤ የሠራውን ለማየት መጠበቅ ነበረበት። ልጅቷ ግን ሁለት ጣቷን መስታወቱ ላይ ጣል ስታደርግ መስመሩ ከነጠባሳው ይጠፋል።

ከታች ክፍል አንዲት አሮጊት ይኖሩ ነበር። አንድ ማታ ዳቦ ይዘውላት ወጡና ታብሌቱን አዩ።

«እስቲ አሳዪኝ፣ ልጄ።»

«ገና ነኝ እማማ፤ ምንም አልችልም።»

«ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

«እንግዲያው የመጀመሪያውን አሳዪኝ።»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«የፋሲካ ሰሞኑንስ?»

«እሱንም።»

እማማ ምንም ሳይሉ ወረዱ። ሲመለሱ አንዲት ያረጀች ትንሽ ሰፌድ ይዘው ነበር። መሀሏ ተጣሟል፤ ስንደዶው አፈንግጦ ይታያል፤ አክርማው አንድ ቦታ ጠብቆ ሌላ ቦታ ላልቷል። ወደ ጠርዙ እየወጣች ስትሄድ ግን ዙሮቹ ይቀራረባሉ፣ አለላውም መስመሩን ይይዛል።

«የመጀመሪያ ስፌቴ ናት። ወስፌ መያዝ እንኳ አላውቅም ነበር» አሉ፤ ጣታቸውንም ከመሀል ወደ ውጪ አዞሩት። «እዚህ ጋ አለቀስኩ። እዚህ ጋ እጄ ገባው። እናቴ ፍቺው አላለችኝም፤ እምብርቱን ፈትቼ በምን ላይ እቀጥላለሁ? አንቺ በየወሩ እምብርቱን እየፈታሽ መሶቡ አልሆነልኝም ትያለሽ።»

እኔ ልጅቷን አልወቅሳትም። ብቻዋን ናት፤ ደክሟታል፤ ጥርጣሬዋም ትሕትና መስሏታል። ግን ማስረጃውን አስቀድሞ የሚያቃጥል ዳኛ ትሑት ሊባል አይችልም። በሰው ግድግዳ ፊት ቆማ ራሷን ስትለካ የኖረችው ሌላ መለኪያ ስላልነበራት ነው፤ የትናንቷን ልጅ፣ በአግባቡ ልትወዳደራት የምትችለውን ብቸኛዋን ሠዓሊ፣ በገዛ ጣቷ አጥፍታታለች።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ በጎርፍ መከላከያው ግንብ አጠገብ አለፈች። በመጋቢት 1913 ወንዙ ተመልሶ መጥቶ በዚህ ሰፈር ብዙ ሰው ፈጅቶ ነበር፤ ግንቡ ተሠርቶ ያለቀው በ2004 ነው። ቆማ ቁመቱን በዓይኗ ለካች። የድሮው ውሃ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ባይኖር ኖሮ እስከ የት ይገነባ ነበር?

ማታ አንድ እጅ ሣለች። አላማራትም። ጣቶቿ ወደ መስታወቱ ሄዱ፤ ሰበሰበቻቸው። ፋይሉን «እጅ 1» ብላ አስቀመጠችው። ለወሩ ሁለተኛ ዓርብ ዘጠኝ እጆች ነበሯት፤ ከ400 ዌስት ሪች ስትመለስ ዘጠኙንም ከፍታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየቻቸው።

ዛሬ «እጅ 60» አልፋለች። «እጅ 1» አሁንም አለ፤ አውራ ጣቱ ከቦታው እንደወጣ ነው።