ቤቱ ሲዞርብሽ

ልጄ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የበሩን መቃን ይዘሽ ስትቆሚ አይቼሻለሁ። «ደም ማነስ ነው፣ አክስቴ» ብለሽ አለፍሽው። እኔም ይህንኑ እያልሁ ስድስት ዓመት ዞሬያለሁ። ጎረቤት ምች አለኝ፣ አንዱ ሐኪም ጨጓራ፣ ሌላው ጆሮ። ሲያዞረኝ ራሴን ስለማያመኝ ሚግሬን ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ በልጅነቴ ግማሽ ራሴን እየፈለጠኝ ጨለማ ክፍል እተኛ እንደነበር ለማንም አልተናገርሁም።

ሚግሬን ራስ ሳይፈልጥም ሚዛንን ሊያናጋ ይችላል። የነርቭ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2012 በተስማሙበት መለያ፣ ማዞሩ ቢያንስ 5 ጊዜ የተመላለሰ፣ ከ5 ደቂቃ እስከ 72 ሰዓት የሚቆይ ነው፤ ሰውየው ሚግሬን ያለበት ወይም የነበረበት መሆን አለበት፤ ቢያንስ ግማሹን ጊዜም ራስ ምታት፣ ብርሃንና ድምፅ መጥላት ወይም የዓይን ብልጭታ አብሮት ይመጣል። አልጋ ላይ ስትገላበጪ መጥቶ ደቂቃ ሳይሞላው የሚሄደው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው፤ ጆሮ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ጠጠሮች ከቦታቸው ሲንሸራተቱ የሚመጣ፣ ሐኪም ጭንቅላትሽን በዘዴ አዘዋውሮ የሚያስተካክለው።

እኛ ሁሉንም «አዞረኝ» እንላለን። ሐኪሙ ጋ ስትቀርቢ በዚህ አታብቂ። ቤቱ ነው የዞረው ወይስ ስትነሺ ዓይንሽ ነው የጨለመው? ስንት ደቂቃ ቆየ? ጆሮሽ ደነቆረ? ምን በልተሽ፣ ስንት ሰዓት ተኝተሽ ነበር? የወር አበባሽስ? ጻፊው።

የእሑዱን እኔ ልንገርሽ፦ ሌሊቱን አልተኛሽም፣ ሆድሽ ባዶ ነው፣ የሥራ ቀን የለመድሽው የጠዋት ቡና ቀርቷል፣ ዕጣኑም አለ። አራቱም ሚግሬን ይቀሰቅሳሉ። ስለ ጾሙ እኔ አልፈርድም፤ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። እንቅልፍና ቡናሽን ግን ሰዓት አስይዢ፣ ውኃም ጠጪ።

ማስታገሻ በሳምንት ከሁለት ቀን አታሳልፊ፤ ሲበዛ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ለእኔ መከላከያ ተብሎ የታዘዘው ፕሮፕራኖሎል ነው። አስም ስላለብሽ ከመሳቢያዬ እንዳትነኪ! ለአንቺ የሚሆነውን ሐኪም ይምረጥ።

ፊትሽ ከተጣመመ፣ ምላስሽ ከተሳሰረ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየሽ፣ እጅሽ ከዛለ ወይም መቆም ካቃተሽ ግን «ሚግሬኔ ነው» ብለሽ አትተኚ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ደብተር ገዝቼልሻለሁ። ቀኑን ጽፌበታለሁ፣ ቀሪውን አንቺ ሙዪው።