ኬላው በማን እጅ ነው?

ገበያ ሲሰፋ ነጻነት ይከተላል የሚሉ ሰዎች የወለጋን ታሪክ ቢመረምሩ መልካም ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን የምዕራቡ ወርቅና የዝሆን ጥርስ በወለጋው የለቃ ምድር በኩል ሲያልፍ፣ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ የሚዘዋወርበት የገዳ ሥርዓት ነበረ። ንግዱ ግን ገዳን አላጠናከረውም። የጦር መሪው፣ አባ ዱላው፣ መንገዱንና ኬላውን ያዘ፤ በቀረጡ ሠራዊት አበጀ፤ ተራው ሲያልፍም አልወረደም። አንዱ አባ ዱላ፣ በከሬ ጎዳና፣ ሥልጣኑን ለልጁ ለሞረዳ፣ ሞረዳም ለልጁ ለኩምሳ አወረሱ።

«ኬላ ያለበት ገበያ መቼ ነጻ ሆነና?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ታዲያ ኬላውን ማን ያነሣዋል? ነጋዴው እንዳይባል፣ አቅም ያለው ነጋዴ ከኬላ ጠባቂው ጋር መወዳጀት ይቀለዋል። ገዢውን ጠይቆ የሚያወርድ ጉባኤ ያስፈልጋል።

ጉባኤ ብቻውንም አይበቃም። ሴቶች በገዳ ሥልጣን ተራ አልነበራቸውም፤ በዚያ ዘመን ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሰርቆ ተሸጠ፤ በ1870 (እ.ኤ.አ.) ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ። መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ በ1899 አሳትሞ፣ በ1904 ነቀምቴ ገብቶ ማስተማር ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ተከሰሰ፤ ማስተማሩ ሲፈቀድለት ስብከቱ ተከለከለ። ለዚህ ክልከላ የገበያ ዋጋ ምንም መድኃኒት የለውም።

ወዲህ ስንመጣ፣ በ2020 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በምዕራብና በቄለም ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለ3 ወር ገደማ ተቋረጠ። ቡና መሸጡ ግን አልቆመም እንበል። በነቀምቴ በበከኒሳ ቀሴ ሰፈር የሚኖር ነጋዴ የአዲስ አበባን ዋጋ ያውቃል፤ የደምቢ ዶሎ ገበሬ የሚያውቀው ነጋዴው የነገረውን ብቻ ነው። ነጋዴው ሕግ አልጣሰም፤ ማንም ገበሬውን ሽጥ ብሎ አላስገደደውም። በወጉ ሲታይ ሽያጩ ነጻ ነው። እኔ ግን ነጻ ለማለት አልደፍርም፤ ወሬ የሚያልፍበት መንገድ ላይ ኬላ ቆሟልና።

መቋረጡ ለጸጥታ ነው ተብሏል፤ ሊሆን ይችላል። አባ ዱላውም መንገዱን ከሽፍታ እጠብቃለሁ ሳይል አልቀረም። የጸጥታው ምክንያት እውነት መሆኑን ለማወቅ፣ አዛዡን በአደባባይ አቁሞ የሚመረምር ሸንጎና ጥያቄውን የሚያደርስ ጋዜጣ ያሻል። ገበሬው በእነዚያ ወራት ከሁለቱ የትኛው ነበረው?