ወደ ኋላ የሄደው ውሃ

ልጄ፣ የቧንቧ ሥራ ጀምረሃልና አንድ የቆየ ታሪክ ልንገርህ። የሆነው ሩቅ አገር ነው፤ ነገር ግን ሐይቅ ከተማም ሆነ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ በምትዘረጋው መስመር ላይ ሊደርስ ይችላልና በጥሞና ስማኝ።

እ.ኤ.አ. በ1969 በነሐሴ ወር፣ አሜሪካ ውስጥ ዉስተር በምትባል ከተማ የሆሊ ክሮስ ኮሌጅ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ልምምድ ላይ ነበር። ሜዳው አጠገብ የሣር ማጠጫ ቧንቧዎች ነበሩ፤ አፋቸው መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ይቀመጣል። ጉድጓዱ ውሃ ያቁራል። በጉበት በሽታ የተያዙ የሰፈር ልጆችም እዚያ ይጫወቱ ነበር። ቧንቧው ግፊት እስካለው ድረስ ውሃው ይወጣል እንጂ ምንም አይገባበትምና ማንም አልሠጋም።

እዚህ ላይ ቆም በል። በአቅራቢያው እሳት ተነሳ። እሳት አጥፊዎች ብዙ ውሃ ሲስቡ የመስመሩ ግፊት ወደቀ። ሹፌር ናፍጣ በጎማ ስቦ ከበርሜል ሲያወጣ እንደምታየው፣ መስመሩ የጉድጓዱን ውሃ ወደ ውስጥ ሳበው። ተጫዋቾቹ ልምምድ ጨርሰው ከዚያው መስመር ጠጡ። ከ97 ተጫዋቾችና አሠልጣኞች 90ው በዚያው የጉበት በሽታ፣ በሄፓታይተስ ኤ፣ ተያዙ። ቡድኑ ሁለት ጨዋታ ብቻ አድርጎ የዓመቱ ውድድር ቀረበት።

እኛ ዘንድ ግፊት ለመውደቅ እሳት አይጠብቅም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ውሃው በሄደ ቁጥር መስመሩ ባዶ ይሆናል። ተዳፋት ላይ የታችኛው ቤት ሲከፍት የላይኛው መስመር ወደ ውስጥ መሳብ ይጀምራል። ፓምፑን ቀጥታ የከተማው መስመር ላይ የሚገጥም ጎረቤት ካለ ደግሞ ይብሳል። ቧንቧው ተሰንጥቆ አጠገቡ የሽንት ቤት ፍሳሽ ካለ፣ የሚሳበው ምን እንደሆነ አንተው ገምት።

ስለዚህ ጎማ በርሜል ውስጥ ተነክሮ እንዲቀር አትፍቀድ። የሮቶውም ሆነ የገንዳው መሙያ አፍ ከጠርዙ በላይ ይሁን፤ ክፍተቱ የቧንቧው ስፋት እጥፍ፣ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው ቼክ ቫልቭም ጥሩ ነው፤ ዝቅ ያለ መታጠቢያ ቤት የክረምት ጎርፍ ፍሳሹን እንዳይመልስበትም አስገባለት። ቫልቭ ግን አሸዋ ይይዘዋል፣ ጎማው ያረጃል። ባዶ ክፍተት የሚበላሽ ነገር የለውም፤ እኔ ከሁሉም አስቀድሜ የማምነው እሱን ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ባለቤቱ «ለዛሬ ብቻ ነው፣ ተወው» ካለህ፣ ዘጠናዎቹን ንገረውና ጎማውን በእጅህ አውጣው።