ስለ ሸክላ ቅብና ስለ ሠሪው ክብር

በመጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ስለ እጅ ሥራ የተነገረውን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው፣ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያገኛል። ጠቢቡ ገበሬውን፣ ማኅተም ቀራጩንና ብረት ቀጥቃጩን ካነሣ በኋላ ወደ ሸክላ ሠሪው ይመጣል፤ እርሱም መንኰራኵሩን በእግሩ እያዞረ ጭቃውን በክንዱ እንደሚያበጅ፣ ልቡንም የዕቃውን ቅብ አሳምሮ ለመጨረስ እንደሚሰጥ፣ እቶኑን ለማጽዳትም እንደሚተጋ ይናገራል። ወዲያውም ቀጥሎ፣ ያለ እነዚህ ሠራተኞች ከተማ ከተማ ሆና ልትኖር እንደማትችል፣ ዳሩ ግን ለሕዝብ ምክር የሚጠራቸው፣ በጉባኤም ላይ ከፍ ያለ ስፍራ የሚሰጣቸው እንደሌለ ያስረዳል። እንግዲህ የሸክላው ማማርና የሠሪው መረሳት በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ተጽፈው ይገኛሉ ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ጥያቄ ይወለዳል። አንደኛው፣ ሸክላ ሠሪ የአባቶቹን ሥራ ይዞ ሳለ አዲስ ቅብ ሊፈልግና ሊቀምም ቢነሣ፣ ድካሙ ከንቱ ውበትን መከተል ነው ወይስ የተገባ ሥራ? የሚል ነው። ሁለተኛውም፣ የዕቃውን ውበት ወዶ የሠሪውን ሰውነት የሚንቅ ሰው ፍርዱ እንዴት ይታያል? የሚል ነው። ሁለተኛው ሳይመለስ የመጀመሪያው ብቻውን ሊመለስ እንደማይችል ከዚህ በታች ይታያል።

አስቀድሞ ቅብ የተባለው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ይኸውም በሸክላ ላይ የሚቀልጥ ስስ መስተዋት ነው። ለመስተዋት መሠረቱ የአሸዋና የባልጩት ባሕርይ ነው፤ ይህ ግን ብቻውን እንዲቀልጥ እጅግ ብርቱ እሳት የሚሻ ስለ ሆነ፣ የሚያቀልጠው ሌላ ነገር ይጨመርበታል፤ የእንጨት ዐመድ፣ ሶዳ፣ ቦራክስ ወይም እርሳስ። ቀልጦም ከዕቃው ላይ እንዳይፈስ ጥቂት ጭቃ ይገባበታል። ቀለሙ ደግሞ ከማዕድን ይመጣል፤ ብረት ቡናማና ጥቁር፣ ኮባልት ሰማያዊ፣ ቆርቆሮ ነጭ ያደርጋል። መዳብ ግን እንደ አየሩ ሁኔታ ይለዋወጣል፤ እቶኑ ነፋስ ሲያገኝ አረንጓዴ፣ በጢስ ሲታፈን ቀይ ይሆናል።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ነገር ከሐዋሳ ሩቅ አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ የተኛበት ጐድጓዳ ምድር ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ ነው፤ ከሐይቁ ወደ ሰሜን በኮርቤቲ አካባቢ የሚገኘው ጥቁር ባልጩትም፣ ምድር ራስዋ በእሳትዋ ያቀለጠችው መስተዋት ነው። ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ ያሉት የሻላና የአብያታ ሐይቆች ውኃቸው ሶዳ የበዛበት ነው። በከተማዪቱም የታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ መቋቋሙ፣ ቅብ ያለው ሸክላ ለሐዋሳ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ያስረዳል። እንግዲህ ፈላጊ እንጂ የሚፈለገው ነገር አልጠፋም።

ነገር ግን አዲስ ቅብ በአንድ ቀን ብልሃት አይገኝም። እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ጆሳያ ዌጅውድ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1759 ዓ.ም. የሙከራ መዝገብ ከፍቶ፣ ያደረገውን ሙከራ እየቈጠረና እየጻፈ ብዙ ዓመት እንደ ደከመ የታወቀ ነው። የሥራው ሕግ ቀላል ይመስላል፤ መመዘን፣ መጻፍ፣ ከቅመሙም ውስጥ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ መለወጥ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው፣ መልካም ቢወጣለትም ከየትኛው እንደ መጣ ሊያውቅ አይችልም። ይህ ትዕግሥት ራሱ ሰውን የሚያስተምር ምግባር ነው፤ ምክንያቱም ውድቀቱን ደብቆ ምርቱን ብቻ የጻፈ መዝገብ ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ አዲስ ቅብ መፈለግ በትጋትና በእውነት እስከ ተደረገ ድረስ ከንቱ ነው ሊባል አይገባም፤ ሲራክም ቢሆን ልብን ለቅብ መስጠትን ከተገባ ሥራ ጋር ቈጥሮታል እንጂ አልነቀፈውም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «የኢትዮጵያ ሸክላ እኮ የመስተዋት ቅብ የለውም፤ ሠሪዎቹ ስላላወቁ አይደለምን?» ቢል፣ መልሱ እንዲህ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ጀበናዋን ወይም ማሰሮዋን ያለ መንኰራኵር በእጅዋ ታበጃለች፤ ጨርሶ ሳይደርቅም በለስላሳ ጠጠር እያሸች ታወዛዋለች። በሜዳ በተከመረ ማገዶ ካቃጠለችው በኋላ፣ ዕቃው ገና ፍም መስሎ ሳለ አውጥታ በገለባ፣ በእብቅ ወይም በቅጠል ታፍነዋለች፤ ጢሱም በጭቃው ቀዳዳ ገብቶ ጥቁር አንጸባራቂ ያደርገዋል። ምጣድ ደግሞ ቅቡን የሚያገኘው ከባለቤቲቱ እጅ ነው፤ በጐመን ዘር እየታሸ ከሟሸ በኋላ እንጀራ የማይዝ ይሆናል። የሜዳ እሳት መስተዋት ለማቅለጥ አይበቃም፤ ነገር ግን በዚያ እሳት የበሰለ ቀዳዳማ ሸክላ በምድጃ ላይ ሲጣድ የሙቀትን ድንገተኛ መለዋወጥ ይችላል። እንግዲህ ይህ የእውቀት ጉድለት ሳይሆን፣ ለእሳቱና ለምድጃው የተስማማ ሌላ እውቀት ነው።

የሚያስደንቀውም፣ ይህን የመሰለ ሥራ በሩቅ ምሥራቅ አገር ታላቅ ስም ማግኘቱ ነው። በጃፓን በኪዮቶ ከተማ በ16ኛው መቶ ዓመት ቾጂሮ የሚባል ጡብ ሠሪ፣ የሻይ ሥርዓት መምህር በሆነው በሴን ኖ ሪክዩ ምክር በእጁ ብቻ ያበጀውን ጽዋ እየቀባ በትንሽ እቶን ያቃጥል ነበር፤ ዕቃውንም እንደ ጋለ ከእሳት ያወጣው ነበር። ይህ ሥራ ራኩ ተባለ፤ ትርጓሜውም ደስታ ማለት ነው። ስሙ ያለበትን ማኅተም የአገሩ ገዢ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ለቤተ ሰቡ እንደ ሰጠ ይተረካል፤ ቤተ ሰቡም ያንን ስም እየወረሰ በ2019 ዓ.ም. በኤውሮፓ አቆጣጠር 16ኛው ትውልድ ተተካ። የጋለውን ዕቃ በገለባና በመጋዝ ዱቄት ማፈን ግን በ20ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ሸክላ ሠሪዎች የተጨመረ ነው። ይህን የራኩ ጢስ በአሜሪካ እንደ አዲስ ግኝት የሚያደንቅ ሰው፣ የኢትዮጵያ ሴቶች ጀበናቸውን የሚያጠቍሩት በተመሳሳይ ብልሃት መሆኑን ቢያይ ይገረማል።

እንግዲህ እጅ ከእጅ፣ እሳት ከእሳት ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ሠሪው ባገኘው ዋጋ ላይ ነው። በኪዮቶ ሸክላ ሠሪው ማኅተምና የቤተ ሰብ ስም ሲያገኝ፣ በኢትዮጵያ ያገኘው ስድብ ነበር። ቡዳ ነው እየተባለ ታምቷል፤ ከጐንደር አጠገብ ባለችው በወለቃ በሸክላ ሥራ የታወቁት የቤተ እስራኤል ሴቶች ይህን ሐሜት ተሸክመው ኖረዋል። በወላይታ ጭናሻ፣ በሲዳማም ሀዲቾ የተባሉት ሸክላ ሠሪዎች፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡና በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ የቀድሞው ልማድ ከልክሏቸው ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት ዐዋጅ፣ በእጁ ሠርቶ የሚበላውን ሰው በሥራው መስደብን ከልክለዋል፤ ሠራተኛን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ እንዲቈጠር አድርገዋል። ዐዋጁ የምላስን ስድብ ሊከለክል ችሏል፤ በልብ ያለውን ንቀት ግን ዐዋጅ ብቻውን ሊነቅለው አይችልም።

የዚህ ንቀት ክፋቱ ይበልጥ የሚታወቀው በቡና ሰዓት ነው። በሐዋሳ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ይሁን በሌላው ሰፈር፣ ቡና በጀበና ሳይፈላ ጎረቤት አይሰበሰብም፤ ዕርቅም ሆነ ለቅሶ ያለ ቡና አይሆንም። ታዲያ ሰውን ሁሉ የሚሰበስበውን ጀበና የሠራችው ሴት፣ በዚያው ጀበና ከፈላው ቡና ከጎረቤቶችዋ ጋር ተቀምጣ እንዳትጠጣ የሚከለክል ልማድ በምን ፍርድ ሊጸና ይችላል? እጅዋ ርኩስ ከሆነ ጀበናውም ርኩስ በሆነ ነበር፤ ጀበናው ንጹሕ ከሆነ ግን እጅዋን የሚያረክሰው ምንድር ነው? ከቶውንም ክርስቲያን ነኝ ለሚል ሰው ይህ ከባድ ነገር ነው። እግዚአብሔር አዳምን ከምድር አፈር እንዳበጀው ያምናል፤ ነቢዩ ኤርምያስም የአምላክን ሥራ ሊያስተምር ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት እንደ ወረደ ያነብባል። ፈጣሪ ራሱን ሊመስልበት ያልተጸየፈውን ሥራ ፍጡር ቢጸየፈው፣ ትሕትናን ሳይሆን ትዕቢትን ተምሮአል።

አንዳንድ ሰዎች፣ «ሸክላ ሠሪዎች አዲስና የሚያበራ ቅብ ቢያገኙ፣ ዕቃቸውም በውጭ አገር በብዙ ዋጋ ቢሸጥ፣ ንቀቱ በራሱ ጊዜ ይጠፋል» ይላሉ። ይህ ነገር ግማሽ እውነት አለው፤ ድኽነት ሲቀንስ ንቀት ይቀንሳልና፣ አዲስ ሙያ ለሚማር ሰው በር ይከፈትለታልና። ነገር ግን ግማሹ ስሕተት ነው። ሠሪዋ የምትከበረው ዕቃዋ የባዕድ ዕቃ መስሎ ማብራት በጀመረ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ የተከበረው ብርሃኑ ነው እንጂ እርስዋ አይደለችም፤ ብርሃኑም በደበዘዘ ቀን ክብርዋ ይደበዝዛል። እናትዋ ጥቁር ማሰሮ ስትሠራ የተገባት ክብር፣ ልጅዋ አረንጓዴ ቅብ በቀባች ጊዜ እንደ ስጦታ ሊሰጣት አይገባም፤ አስቀድሞም የእርስዋ ነበረና።

ቅብ ፈላጊውም በበኩሉ ዕዳ አለበት። በመጽሐፈ ምሳሌ በ26ኛው ምዕራፍ፣ ክፉ ልብ ያለው ሰው የሚናገረው የፍቅር ቃል በብር ዝቃጭ በተለበጠ ሸክላ ተመስሎአል። ብር ከእርሳስ ማዕድን ሲነጠር የሚቀረው ዝቃጭ እርሳስ ያለበት ነው፤ እርሱም በዝቅተኛ እሳት ስለሚቀልጥና ደምቆ ስለሚያበራ፣ ለዘመናት ሸክላ ሠሪዎች ለቅብ ተጠቅመውበታል። እንግዲህ ምሳሌው ከውጭ ማማሩን ብቻ ሳይሆን ከውስጥ መጕዳቱንም የሚያስታውስ ሆነ፤ እርሳስ መርዝ ነውና። ሎሚ፣ ኮምጣጤና እንደ ጠጅ ያለ ኮምጣጣ መጠጥ፣ በደንብ ካልተቀመመ ቅብ ውስጥ እርሳሱን እያሟሟ ወደ ጠጪው ሆድ ያገባዋል።

በእንግሊዝ አገር በስታፎርድሺር የሸክላ ፋብሪካዎች፣ ዕቃውን በቅብ ውስጥ የሚነክሩትና በዙሪያው የሚሠሩት ወንዶችና ሴቶች በዚሁ እርሳስ ይታመሙ ነበር። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. ኤድዋርድ ቶርፕና ቶማስ ኦሊቨር የተባሉ ሊቃውንት ለመንግሥት ባቀረቡት ምርመራ፣ አብዛኛው ዕቃ ያለ እርሳስ ሊሠራ እንደሚችል አስረዱ። ነገር ግን ጥሬ እርሳስ በቅብ ውስጥ እንዳይገባ ሕግ የከለከለው በ1947 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 48 ዓመት አለፈ። በነዚያ ዓመታት ሰሐኑ በገበታ ላይ ሲያበራ፣ ነካሪዋ በቤትዋ ትታመም ነበር፤ ሰሐኑን የገዛውም ስምዋን አያውቅም። የዕቃውን ውበት ከሠሪው ሕይወት ለይቶ ማየት የኢትዮጵያ በሽታ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ስለ ምሥጢርም የሚነሣ ክርክር አለ። ብዙ ዓመት ደክሞ ቅብ ያገኘ ሰው ቅመሙን ለሌላው ሊነግር ይገደዳልን? ይህ በሁለት መከፈል አለበት። የቀለሙን ልክና የእሳቱን መጠን ቢደብቅ፣ የእንጀራው ምሥጢር ስለ ሆነ ማንም አይፈርድበትም፤ በልግስና ቢያስተምር ግን ምስጋናው ይበዛል። በቅቡ ውስጥ የሚጐዳ ነገር መኖሩን ቢደብቅ ግን፣ ይህ የእንጀራ ሳይሆን የጕዳት ምሥጢር ነውና ኃጢአት ነው። የራኩ ቅብ በብዛት የሚሰነጣጠቅና ውኃ የሚያሳልፍ በመሆኑ፣ ለጌጥ እንጂ ለመብልና ለመጠጥ የማይመች ሲሆን፣ ሻጩ ይህን ለገዢው መንገር ይገባዋል። ለራሱና ለረዳቶቹም ሲያስብ፣ ደረቁን ዱቄት ሲመዝኑና ሲቀይጡ ትቢያው ወደ ሳንባ እንዳይገባ አፍና አፍንጫን መሸፈን አለባቸው።

እንግዲህ የሁለቱ ጥያቄ መልስ አንድ ላይ ይመጣል። አዲስ ቅብ መፈለግ መልካም ነው፤ መልካምነቱ ግን የጭቃውን ስንጥቅ ለመሸፈን ካልዋለ፣ ጠጪውን ካልጐዳ፣ የሠራተኛውን ዕድሜ ካላሳጠረ ነው። ገዢውም ከዕዳ ነጻ አይደለም። ጀበና ወይም ምጣድ የገዛ ሰው በዋጋው ብቻ ሳይከራከር የሠሪዋን ስም ይጠይቅ፤ ስምዋንም ለጎረቤቱ ይንገር፤ በሰፈሩ ያለች እንደ ሆነም ቡናው ሲፈላ ይጥራት፤ ከሌሎቹም ጋር እኩል ያስቀምጣት። ሲራክ ለጉባኤ የሚጠራቸው የለም ብሎ ያመለከታቸውን ሰዎች፣ ቢያንስ በቡናው ጉባኤ መጥራት ለማንም ቤት የሚከብድ አይደለም።