የተረፈው ቁርጥራጭ በማን ልክ ይገጠም?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ አምስቱን እንጀራና ሁለቱን ዓሣ ባርኮ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ ደቀ መዛሙርቱን ያዘዛቸው፣ አንዳች እንዳይጠፋ የተረፈውን ቍርስራሽ እንዲሰበስቡ ነበር (ዮሐ. 6፥12)። ዐሥራ ሁለት መሶብም ሞላ። ሁሉን ካለመኖር ወደ መኖር ያመጣ አምላክ ለፍርፋሪ ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ እኛ የተረፈውን ነገርና የተረፈውን ሰው እንዴት ልንይዝ ይገባናል? በዛሬው ጽሑፋችን የምንመረምረው ይህን ነው።

ለዚህ ያነሣሣን በእጅ ሥራ ክፍላችን ያሉ አራት ታዳጊ ወንድሞች የሠሩት አንድ ትንሽ ታንክ ነው። ልጆቹ በእጃቸው የገባው ከውጭ አገር መጥተው ሌሎች ጀምረው የተዉአቸው የሦስት የፕላስቲክ መገጣጠሚያ ሣጥኖች ትርፍራፊ ነበር። በአንዱ ሣጥን ዋናው አካል አለ፤ ጎማ ግን የለም። በሌላው ጎማው አለ፤ ከላይ የሚሽከረከረው ቱሬት የለም። በሦስተኛው ቱሬቱ አለ፤ አፈሙዙ ግን ተሰብሯል። ስለዚህ አፈሙዙን ከእስክሪብቶ የቀለም ቀሰም፣ ሰንሰለቱን ከብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ በስተኋላ የሚጫኑትን ሁለት የነዳጅ በርሜሎች ከተጠቀለለ ወረቀት አበጁ። ሊመስሉት የፈለጉት ቲ-55 የተባለውን ታንክ ነው። ይህ ዓይነቱ የሶቪየት ታንክ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተካሄደው የኦጋዴን ጦርነት የተዋጋ ነው። እውነተኛው አፈሙዙ ሳይቈጠር 6.45 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ክብደቱም 36 ቶን ያህል ነው። የልጆቹ ታንክ ግን በአንድ ሠላሳ አምስተኛ ልክ ስለ ተሠራ ርዝመቱ 18 ሴንቲ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም።

ከዚህ ሥራ የምናገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ልክ ነው። ከልጆቹ አንዱ ከሌላ ቦታ ያገኘውን ጎማ አምጥቶ ነበር። ጎማው ያማረ ነው፤ ስንጥቅ የለበትም፤ ነገር ግን የአንድ ሰባ ሁለተኛ ልክ ስለ ነበረ ከሌሎቹ ጎን ሲቆም ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። በአንጻሩ ከሌላ ዓይነት መኪና የተወሰደ መብራት፣ ልኩ አንድ ሠላሳ አምስተኛ በመሆኑ፣ ያለ ችግር ገጠመ። እንግዲህ አንድን ቁራጭ ከሌላው ጋር የሚያገናኘው ከየትኛው ሣጥን መምጣቱ ሳይሆን በምን ልክ መሠራቱ ነው።

የዚህ ልክ አመጣጥም የሚያስደንቅ ነው። በጃፓን አገር የሚገኘው የታሚያ ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፓንተር የተባለውን የጀርመን ታንክ በሞተር እንዲንቀሳቀስ አድርጎ ሲያወጣ፣ መጠኑን የወሰነው በውስጡ በሚገቡት የባትሪ ድንጋዮች ስፋት ነበር። ኋላ ሲለካ አንድ ሠላሳ አምስተኛ ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ሌሎች ፋብሪካዎችም ያንኑ ተከተሉ። ለአሻንጉሊት ይህ ነውር የለበትም። ለሰው ግን ነውር ነው። ዓለም ሰውን የምትለካበት ሚዛን ብዙ ጊዜ እንዲሁ በአጋጣሚ የተቈረጠ ነውና፤ አንዱን በኪሱ፣ አንዱን በልብሱ፣ አንዱን በዘሩ፣ አንዱን በሚናገርበት ቋንቋ ትለካለች። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ግን ሁላችን ልናድግበት የሚገባን ልክ አንድ ብቻ እንደ ሆነ፣ እርሱም የክርስቶስ ሙላት መሆኑን ያስተምረናል (ኤፌ. 4፥13)።

ከተማችን ሐዋሳ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ ከምባታው፣ ትግራዩ በአንድ ሐይቅ ዳር የሚኖርባት ከተማ ናት። በአንድ የመዝሙር ረድፍ ላይ ስንቆምም ከአንድ ሣጥን የወጣን አይደለንም። ታዲያ አንድ እንድንሆን ሁላችን አንድ ዓይነት መሆን አለብን ማለት ነውን? አይደለም። ጎማ ቱሬት አይሆንም፤ ዓይንም እጅን አታስፈልገኝም ሊል አይችልም (1ቆሮ. 12፥21)። ልጆቹ በብርጭቆ ወረቀት የፋቁት የቁራጩን መልክ አልነበረም፤ ከፋብሪካው ፍሬም ሲቈረጥ የቀረችበትን ትንሽ ጉጥ ነው። እርስዋ ካልተፋቀች ማጣበቂያው ቢበዛም መጋጠሚያው ክፍት ሆኖ ይቀራል። በእኛም ላይ መፋቅ ያለበት እግዚአብሔር የሰጠን ቋንቋና መልክ ሳይሆን ትዕቢታችን፣ ቂማችንና በወንድማችን ላይ የያዝነው ንቀት ነው። ይህ የሚፋቀውም በንስሐና በትዕግሥት ነው፤ መፋቅ ደግሞ ያሳምማል።

ሁለተኛው ትምህርት የሚከብደው ነው። ሥራው ባለቀ ጊዜ ታንኩ በጠረጴዛ ላይ ከቆመው የቤተ ክርስቲያን ሞዴል አጠገብ ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ የሚል ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን የእጅ ጥበብ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው አልን፤ ሌሎቻችን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የጦር መሣሪያ ምስል ምን ይሠራል አልን። በዚህ መካከል ከሰንበቴ እናቶች አንዲቱ ወደ ጠረጴዛው ቀረብ ብለው አዩት። የእኚህ እናት ልጅ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ተጀምሮ በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት በፕሪቶሪያ ስምምነት በቆመው ጦርነት ሄዶ አልተመለሰም።

«እጃችሁ ይባረክ ልጆቼ። ሰዎቹስ የት ነው የሚቀመጡት?» አሉ።

«እማማ፣ እውነተኛው አራት ሰው ይይዛል፤ አዛዥ፣ ተኳሽ፣ አጉራሽና ነጂ። የእኛው ግን ውስጡ ባዶ ነው» አለ ከልጆቹ አንዱ።

«የልጄ ባዶ አልነበረም» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ በክፍሉ ውስጥ ክርክሩን የቀጠለ አልነበረም። ወንድሞችና እኅቶች፣ በትንሹ የተሠራ ነገር አደጋው ይህ ነው፤ ብረቱን አሳንሶ ያሳያል፤ ሰውን ግን ፈጽሞ ያስቀረዋል።

ከታሪካችንም ይህን የሚያስረዳ አለን። ዘወትር ከምናየው ከሐዋሳው ታቦር ጋር በስም በሚገናኘው በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የምትባል ቦታ አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ የሰፈሩትን አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲያቀልጡላቸው አዘዟቸው። ለስብከት የመጡ እጆች ለመድፍ ዋሉ። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ሕዝቡ መንገድ እየጠረገ፣ እየጐተተ፣ ከጋፋት እስከ መቅደላ ለማድረስ ወራት ፈጀበት። ንጉሡ አገራቸውን አንድ ለማድረግና ለማሠልጠን የነበራቸውን ምኞት ማንም አይክድም። ነገር ግን ያ ሁሉ ብረት በመጨረሻው ቀን አላዳናቸውም፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ በመቅደላ ሕይወታቸው አለፈ። የመድፉ አምሳያ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። የሚያልፍ ሁሉ መድፉን ያያል፤ የጐተቱትን ሰዎች ግን ስማቸውን የሚያውቅ የለም። እግዚአብሔር ግን ያውቃቸዋል።

እንግዲህ ሦስተኛው ትምህርት የተረፈው ነገር ወዴት እንደሚዞር ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፍ ማረሻ፣ ጦርም ማጭድ የሚሆንበትን ዘመን አስቀድሞ አይቷል (ኢሳ. 2፥4)። ነቢዩ ብረቱ ይጣል አላለም፤ ይለወጥ አለ እንጂ። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ብንሄድ አሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ምድጃ ሲሆን እናያለን። በሰሜን አገራችን በትግራይ ደግሞ ባዶ የመድፍ ቀለህ ተሰቅሎ ምእመናንን የሚጠራ ደወል የሆነባቸው አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ያ ናስ አንድ ጊዜ የሞትን ድምፅ አሰምቶ ነበር፤ አሁን ሰውን ወደ ቅዳሴ ይጠራል። ብረት እንዲህ ከተለወጠ፣ ነፍስ ያለው ሰው አይለወጥም የሚል ማነው?

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ጠላቶቹ ከተቃጠለ ፍርስራሽ ድንጋይ ሊነሣ ይችላልን ብለው ዘበቱበት (ነህ. 4፥2)። ቅጥሩ ግን በዚያው ተፈጸመ። እኛም በየቤታችን «ይህ ልጅ አበቃለት» የምንለው ወጣት አለ፤ ከትምህርቱ የወደቀ፣ በጫትና በመጠጥ የተያዘ፣ ከጦር ሜዳ አካሉ ጐድሎ ወይም ልቡ ቈስሎ የተመለሰ። እነዚህን ከሣጥኑ ውጭ የቀሩ ቁርጥራጮች አድርገን ከተውናቸው የጌታን የመሶብ ትእዛዝ ጥሰናል።

የታንኩ ነገር በመጨረሻ እንዴት ሆነ? ልጆቹ ራሳቸው ተመካክረው ከሻማ ሰም አራት ትንንሽ ሰዎች ሠሩ፤ ከታንኩ አውጥተውም በፊቱ አቆሟቸው። በቤተ ክርስቲያኑ ሞዴል አጠገብ የተቀመጠውም እንዲህ ሆኖ ነው። ከሰንሰለቱ በተረፈው የብስክሌት ጎማ ደግሞ ከጦርነቱ በክራንች ለተመለሰ አንድ ወንድማችን ያለቀውን የክራንቹን ጫፍ ሸፈኑለት። አሁን በደረጃው ላይ ሳያንሸራትተው ወደ ቅዳሴ ይገባል። ከ18 ሴንቲ ሜትሩ ታንክ ይልቅ ይህች የሁለት ጣት ቁራጭ ጎማ ትበልጣለች እንላለን።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ በእጃችን ያለውን ትርፍራፊ እንመርምር። የተረፈ ሰዓት አለን፤ የተረፈ ልብስ አለን፤ የተረፈ ጉልበት አለን፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንም ያልጠየቀው ወንድም በአጠገባችን አለ። ከየትኛው ሣጥን እንደ መጣ አንጠይቅ። በክርስቶስ ልክ እንሠራው፤ እኛም በዚያው ልክ እንሠራ።

አምላካችን ለአገራችን ሰላምን፣ ላዘኑት እናቶች መጽናናትን፣ ለእጆቻችን መልካም ሥራን ይስጥልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።