የሜዳን አበባ በፎቶግራፍ ስለ ማንሣትና ስለ ማስዋብ

ቤተ ክርስቲያናችን የዓመቱን ወራት ስትከፍል ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለውን አርባ ቀን ዘመነ ጽጌ ብላ ለአበባ ሰጥታዋለች። በእነዚህ ቀኖች ሊቃውንቱ የአባ ጽጌ ድንግልን ማኅሌተ ጽጌ ይዘው እመቤታችንንና ልጇን በአበባ እየመሰሉ ሌሊቱን በምስጋና ያሳልፋሉ። ዳሩ ግን አገራችን ሰፊ ናትና አበባዋ ሁሉ በአንድ ወር አይፈነዳም። በደቡብ ኦሞ፥ በጂንካና በቀይ አፈር አካባቢ፥ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ድረስ ስለሚወርድ፥ ሜዳው አጊጦ የሚታየው የደጋው ሰው ገና ክረምትን በሚጠብቅበት፥ አውሮፓውያንም የበጋችን መግቢያ በሚሉት ጊዜ ነው።

በዚህ ጊዜ ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች ወደዚያ ይሄዳሉ። የውጭ አገር ሰዎችም አሉባቸው፥ የእኛም ልጆች አሉባቸው። አንሥተው ሲመለሱ ሥዕሉን በኮምፒዩተር ላይ ዘርግተው ያርሙታል፤ ቀለሙን ያደምቃሉ፥ የደረቀችውን ቅጠል ይሰርዛሉ፥ ከአበባው ጀርባ የቆመውን የኤሌክትሪክ ምሰሶ ያጠፋሉ። ይህ ማረም ሐሰት ነውን? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ዛሬ አብዛኛው ሰው ሄዶ የማያየውን አገር የሚያውቀው በሥዕል በመሆኑ፥ እንደ ትንሽ ጥያቄ ልንተወው አይገባም።

አንዳንዶች፥ እጅ ያልነካው ሥዕል ሁሉ እውነት፥ እጅ የነካው ሁሉ ሐሰት ነው ይላሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች የመሣሪያውን ሥራ አልመረመሩም። የፎቶግራፍ መሣሪያ ቀለምን እንደ ሰው ዓይን አይመለከትም። በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ ገበታ በጥቃቅን ነጥቦች የተከፈለ ሲሆን፥ ከነጥቦቹ እኩሌቶቹ አረንጓዴን፥ አንድ አራተኛው ቀይን፥ አንድ አራተኛውም ሰማያዊን ብቻ ይቀበላሉ፤ በየነጥቡ የጎደሉትንም ሁለት ሁለት ቀለሞች መሣሪያው ከጎረቤት ነጥቦች እየገመተ ይሞላቸዋል። እንግዲህ ከሥዕሉ ቀለም ሁለቱ እጅ አስቀድሞ ግምት ነው። ደግሞም ብርሃኑን ራሱ እንዲያመዛዝን የተተወ እንደ ሆነ፥ በፊቱ አንድ ቀለም በዝቶ ሲያገኝ የብርሃኑ ጉድለት መስሎት ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ከስሙ ጀምሮ ቀይ በሆነው በዚያ አገር መሬቱ ቡናማ ወይም አመድማ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ያን ሥዕል ሳይነካው ወስዶ «ቀይ አፈር ይህ ነው» ብሎ የሚያሳይ ሰው በእጁ ምንም አላደረገም፤ ሆኖም ከተማይቱን ስሟን ገፏታል። ቀዩን መልሶ ያወጣለት ግን ነክቶታል፥ እውነቱንም ነግሮናል።

የቀይ አበባ ነገር ከዚህም የባሰ ነው። በብርቱ ፀሐይ የተነሣ እንደ ሆነ ቀይ ተቀባዮቹ ነጥቦች ከልክ በላይ ይሞሉና የአበባው ሥርና እጥፋት ጠፍቶ፥ የቀለም ጠብታ በወረቀት ላይ የፈሰሰ ይመስላል። አስተዋይ የሆነ አንሺ ብርሃኑን ቀንሶ ያነሣል፤ በኋላም የጨለመውን በመጠኑ ያቃናል። ቀዩን ከነበረው በላይ አቀጣጥሎ ሜዳውን እሳት የሚያስመስለው ደግሞ ሌላ ነው፤ የዚህኛው ወገን ሰው በዘመናችን እጅግ በዝቷል።

እንግዲህ ልዩነቱ እጅ በመንካቱና ባለመንካቱ ካልሆነ በምንድር ነው? እኔ በውል ነው እላለሁ። የአገራችን ሠዓሊ ቅዱሳንን በሙሉ ፊት በሁለት ዓይን፥ ክፉዎችን ግን በወገን ፊት በአንድ ዓይን ይስላቸዋል። ይሁዳ አንድ ዓይን ብቻ ነበረው ብሎ የተሳሳተ ምእመን አላየንም፤ ሠዓሊውና ተመልካቹ ከጥንት የተስማሙበት ነገር ነውና። ፎቶግራፍ አንሺ የሚገባው ውል ግን ሌላ ነው። እርሱ በዝምታ «በዚህ ቦታ ቆሜ ይህን አየሁ» ይላል፤ ይህም የምስክር ቃል ነው። ምስክር ጉሮሮውን ጠርጎ ቃሉን ቢያጠራ ማንም አይነቅፈውም፤ ያልነበረውን ቢጨምር፥ ለነገሩ የሚያስፈልገውንም ቢደብቅ ግን በሐሰት መስክሯል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ያነሣ በነበረበት ዘመን በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች የመስተዋቱን ሥዕል በእርሳስ እየነኩ የፊትን ጠባሳ ያለሰልሱ ነበር። ባለ መልኩ ራሱ ወዶና ከፍሎ ያሠራው ስለ ነበር፥ ያ ሥራ ከምስክርነት ይልቅ ወደ ጌጥ ይቀርባል።

ውሉ ሲፈርስ ሰው እንዴት እንደሚቆጣ የታወቁ ነገሮች አሉ። ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በየካቲት 1982 ዓ.ም. የጊዛን ፒራሚዶች ለሽፋኑ ቁመት እንዲመቹት አቀራርቦ ቢያትማቸው ብዙ ነቀፋ ደረሰበት። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ስመ ጥሩው ስቲቭ ማኩሪ በኢጣልያ ካሳያቸው ሥዕሎች በአንዱ ላይ የማረሙ ስሕተት ተገኝቶ፥ ከሌሎች ሥዕሎቹም ሰዎችና ዕቃዎች መሰረዛቸው ተገለጠ፤ እርሱም በሥዕል ታሪክ ነጋሪ ነኝ እንጂ ዜና ዘጋቢ አይደለሁም ብሎ መለሰ። መልሱ የሚያጠግብ አይደለም። ታሪክ ነጋሪነቱን አስቀድሞ ቢነግረን ኖሮ ማን ይከሰው ነበር?

አሁን ወደ ቀይ አፈር እንመለስ፤ አበባው በዚያ አገር ብቻውን አይቆምምና። በየሐሙሱ ገበያ የበና፥ የጸማይ፥ የሐመርና የአሪ ሰዎች ይገናኛሉ፤ ጎብኚውም መሣሪያውን ከአበባው ወደ ሰው ያዞራል። ለተነሣው ሰው ገንዘብ መክፈል ልማድ ሆኗል። አበባ ዋጋ አይጠይቅም፥ ሰው ግን ይጠይቃል፤ መጠየቁም ነውር አይደለም። ስለ ሙርሲ ሰዎች ብዙ ዘመን ያጠኑት ዴቪድ ተርተን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. በጻፉት ጽሑፍ በጎብኚና በተነሺ መካከል ያለውን ይህን ጭንቅ ያለበትን መገናኘት መርምረውታል። ጀርመናዊው ሐንስ ሲልቬስተር ደግሞ የሱርማንና የሙርሲን ወጣቶች በአበባ፥ በቅጠልና በፍሬ አጊጠው ያነሣቸውን ሥዕሎች በ2008 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ በመጽሐፍ አወጣ። ሥዕሎቹ ውብ መሆናቸውን አልክድም። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ሥዕል ያየ ጎብኚ ያንኑ ፍለጋ ይመጣል፤ ጎብኚው የሚፈልገውን ያወቀ ወጣትም ለመሣሪያው ሲል ያጌጣል። ከዚያ በኋላ የመጣው አንሺ ደግሞ በሥዕሉ ጠርዝ የታየውን ቢጫ ጄሪካን፥ የእግር ኳስ ማልያውንና ስልኩን ይሰርዛል።

ይህን መሰረዝ ከደረቀች ቅጠል መሰረዝ ጋር አንድ አላደርገውም። ቅጠሊቱ ብትሰረዝ አበባው የሚያጣው ክብር የለም። ጄሪካኑ ሲሰረዝ ግን ውኃ ተሸክማ የምትሄደው ልጅ ድካም አብሮ ይሰረዛል፤ ስልኩ ሲሰረዝም ያ ወጣት እንደ እኛ በዚህ ዘመን መኖሩ ይካዳል። ሰውን ከዘመኑ አውጥቶ እንደ ሜዳ አበባ ማየት ማመስገን ይመስላል፤ ነገር ግን ንቀት አለበት።

በኮምፒዩተር ከሚሰርዘው ይልቅ ግንዱ እንደ ገንቦ ያበጠውን የበረሃ ጽጌረዳ፥ ለሥዕሉ አልመች አለኝ ብሎ ቅርንጫፉን የሚሰብረው የባሰ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ልናገር። የመጀመሪያው ያጠፋው ሥዕል ነው፤ ሁለተኛው ግን ፍጥረቱን አጥፍቷል፥ በሥዕሉም ላይ ምንም አይታወቅበትም።

በመጨረሻም አንድ የሚያስቸግረኝ ነገር አለ። ቅንጨ አረም የሚባለው ባዕድ አረም በብዙ የአገራችን ክፍል ተሠራጭቶ ግጦሹን ያጠፋል፤ ከብት ቢበላውም ወተቱ ይመራል። ነጭ አበባው ሜዳ ሲሞላ ግን በሥዕል እጅግ ያማረ ነው። አንሺው ምንም ሳያርም፥ ቀለሙንም ሳይለውጥ፥ ውሉን ሁሉ ጠብቆ ቢያነሣው፥ በአዲስ አበባ የተቀመጥነው እኛ ሜዳው እንዴት ያምራል እንላለን። በቀይ አፈር ገበያ ማር የሚሸጠው ሰው ያንኑ ሥዕል ቢያይ ንቦቹ ከየትኛው አበባ እንደሚቀስሙ ያስባል፤ ላሞች ያሉት እረኛ ግን ሥዕሉ የትኛው ሜዳ እንደ ሆነ ይጠይቅና ከብቶቹን በሌላ በኩል ይነዳል።